የድንቄ ጥርስ

ሎሚና የከሰል ዱቄት አንድ ላይ ከሸተተኝ ወዲያው ያ የምጠላው ዘፈን ጆሮዬ ላይ ይመጣል። በቀደም ከዱከም ስመለስ የሚኒባሱ ሾፌር ዘፈኑን ከፍቶት ተሳፋሪው ሁሉ አብሮ ሲያዜም፣ እኔ መስኮቱን ገፋ አድርጌ ወደ ውጭ ተፋሁ። ድንቄ ስለምትባል የገጠር ልጅ ጥርስ ንጣት የተዘፈነ፣ ሰርግ ያለሱ የማይደምቅ የፍቅር ዘፈን ነው። ድንቄ ደግሞ የአባቴ ታናሽ እህት፣ እኛ ቤት የኖረች አክስቴ ናት።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከአዳማ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነበር። የምንጠጣው የጉድጓድ ውሃ ጥርስ ያበልዛል፤ የሁላችንም ጥርስ የበለዘ ስለነበር ግን ማንም የማንንም አፍ አያይም ነበር። ድንቄ ድዷ እስኪታይ ነበር የምትስቀው። በበጋ፣ አቧራው በር በሚያስዘጋን ሰሞን እንኳ ሳቋ ከመንገድ ማዶ ይሰማ ነበር።

በዚያ በጋ ከደጋ አገር የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ከአርሲ ነገሌ ስንዴ እያመላለሰ፣ እኛ ግቢ አንድ ክፍል ተከራየ። አመሻሽ ላይ ክራሩን ይዞ ደጃፍ ይቀመጥ ነበር፣ ድንቄም ሥራዋን ጥላ እየሳቀች ታዳምጠው ነበር። ክረምቱ ሲገባ ሽማግሌ ላከ፣ አባቴም እሺ አለ፣ በመስከረም እናቱ ልጅቷን ልታይ መጣች። ድንቄ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመችና ቀና ስትል ሳቀች።

«ኤዲያ፣ ይሄን አፍ ነው ልጄ የሚስመው» አለች ሴትዮዋ፣ እዚያው አባቴ ፊት።

ሾፌሩ አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። እናቱን ጭኖ ሄደ፣ በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ድንቄ ጠዋት ጠዋት ከሰል ወቅጣ፣ በሎሚ ለውሳ ጥርሷን ትፈገፍግ ነበር። ደም የቀላቀለ ጥቁር ምራቋን ግቢው ውስጥ ስትተፋው ዝንብ ይወረው ነበር፣ እኔም አፍንጫዬን ይዤ በእግሬ አፈር አለብሰው ነበር። ብልዙ አልለቀቀም፣ ድዷ ግን ቆሰለ። አፏን በነጠላ መሸፈን የጀመረችው ያኔ ነው።

ለፋሲካ ካሴቱ ወጣ። ሾፌሩ ዘፋኝ ሆኖ፣ ስሟን ጠርቶ፣ ጥርሷን ከወተት አስበልጦ ዘፈነ። ጎረቤቱ ሁሉ «ታድላ፣ ተዘፈነላት» አለ። ጥሏት መሄዱንስ ይሁን እላለሁ፤ ስሟን ወስዶ፣ በሌላ ሴት ጥርስ አሳምሮ መሸጡ ግን እስከ ዛሬ ያቅለሸልሸኛል።

ዘንድሮ ሶደሬ ላይ ልጄን ስድር የሙዚቃ ባንዱ ያንኑ ዘፈን ጀመረ። የቧንቧ ውሃ ጠጥታ ያደገችው ልጄ ነጭ ጥርሷን ገልጣ እየሳቀች ትጨፍራለች፤ ፀጉሯ የሸበተው ድንቄ አጠገቤ አፏን ሸፍና ታያታለች። ላስቆማቸው ስነሳ እጄን ያዘችኝ።

«ተይ፣ ልጅቷ ትጨፍርበት።»

«ባንቺ ስም እኮ ነው፣ አክስቴ።»

«የዘፈነው እኔን አይደለም» አለች ከነጠላው ስር። «የኔን ጥርስማ አይቶታል።»

ይህን ብላ ሳቀች። ያኔ ሳቋ ከመንገድ ማዶ ይሰማ ነበር። አሁን አጠገቧ ተቀምጬ እንኳ መሳቋን ያወቅሁት ትከሻዋ ሲነቃነቅ አይቼ ነው።