«ከዚያስ?» ያለው አንባቢ

ሰበታ ሳስተምር «ድርሰት» ስል የተማሪዎቼ ፊት ይጠቁር ነበር። አይፈረድባቸውም፤ የሚያነባቸው እኔ ብቻ፣ ያውም በቀይ እስክሪብቶ። በስልኬ ለክፍሉ ብሎግ ከፈትኩና የጻፉትን እዚያ ላይ መለጠፍ ጀመርኩ። ጉድ እኮ ነው! አራት መስመር ለመጻፍ ሲያምጡ የነበሩ ልጆች «ቲቸር፣ ኮመንት መጣልኝ?» እያሉ መግቢያ መውጫ አሳጡኝ።

ከሁሉም ዝምተኛዋ አንዲት የገበሬ ልጅ ነበረች። ያን ሰሞን አዲስ አበባን ወደ ገበሬው ማሳ የሚያሰፋው ማስተር ፕላን የየቤቱ ወሬ ስለነበር እሷም ስለሱ ጻፈች። ቀያሾች መጥተው ማሳቸው መሃል ችካል እንደተከሉ፣ አባቷም ችካሉን እየዞረ እንዳረሰ። እዚያ ላይ አቆመች። አንድ የማናውቀው አንባቢ ከሥሩ «ከዚያስ?» ብሎ ጠየቃት። ደስታዋን ብታዩ! «መልስ እጽፍለታለሁ» ብላ ወደ ቤቷ በረረች። በማግስቱ ፕላኑን በመቃወም የተነሳው ግርግር እኛም ጋ ደረሰ፤ መንገድ ተዘጋ፣ ትምህርት ቆመ፣ ኢንተርኔትም ጠፋ።

ትምህርቱ ሲጀመር ኢንተርኔቱ አልተመለሰም። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ጽሑፎቹን ከደብተራቸው ወረቀት ላይ አስገልብጬ የክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጠፍኳቸው፤ ከእያንዳንዱ ሥር ለኮመንት የሚሆን ባዶ ወረቀት አደረግኩ። ዳይሬክተሩ የችካሉን ጽሑፍ ሲያይ ላብ አጠመቀው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልታስፈጂን ነው? አንሺው!»

«ሞቼ ነው ቆሜ!» አልኩት።

የሞት ሞቱን «እንግዲያው አባቷ ነገ መጥተው ካልፈቀዱ ይነሳል» አለ። ልጅቷ ሰማች። «ከተነሳ ሁለተኛ አልጽፍም» አለችኝ። እንደማትጽፍ አውቄያለሁ፤ ፈራሁ።

በማግስቱ አባትየው ጋቢያቸውን ደርበው መጡ። በኦሮምኛ «አከም ጅርቱ» ብዬ ሰላምታ ሰጥቼ ተቀበልኳቸውና፣ ዓይናቸው ስለደከመ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆሟል። ልጅቷ ጥፍሯን ትበላለች። «አባቴም ችካሉን እየዞረ አረሰ» ብዬ ጨረስኩ።

«ከዚያስ?» አሉኝ።

«እዚህ ላይ ነው ያቆመችው፣ አባባ።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ለምን ተውሽው? በሬዎቹን ፈትቼ ችካሉ ሥር ቁጭ ብዬ ሳለቅስ አይተሽኝ የለ?»

«እንዳታፍር ብዬ ነው፣ አባባ።»

«ምን ሰርቄ ነው የማፍረው? ጻፊው!»

ልጅቷ እስክሪብቶዬን ከእጄ ወሰደችና ባዶው ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመረች። አባቷ ወረቀቱ እንዳይንሸራተት በመዳፋቸው ያዙላት።