የሾፌሩ ወንድሜ ዓይን

ያ ክረምት የሚያልቅ አይመስልም ነበር። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይውላል፤ ያጠብኩት ልብስ ገመድ ላይ ሰንብቶ ሳይደርቅ ይሸታል። ያኔ ተማርሬ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ታናሽ ወንድሜ እኔ ዘንድ የከረመው በዚያ ክረምት ነው።

ወንድሜ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ጎረምሳ ሆኖ የጨበጠውን መሪ ሽበት እስኪያወጣ አልለቀቀም። ሰው አያስቀይምም፣ ቀልዱም አያልቅበትም። አንዲት ባልቴት፣ "ቀስ በል፣ ልጄ" ብትለው፣ "እማማ፣ ከዚህ ከቀነስኩማ እግረኛው ጥሎን ይሄዳል" አላት።

ስኳር ያዘው። ቸል ሲለው ግራ ዓይኑ ጠፋ። ቀኙም መደብዘዝ ጀመረና አንድ ቀን፣ "እትዬ፣ ፊትሽ መሃል ላይ ጭስ አለ" ሲለኝ፣ ክንዱን ይዤ ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

ሐኪሙ አየውና፣ "ዓይናቸው ውስጥ፣ ከኋላ በኩል ያለው ስስ ሽፋን ውሃ የቋጠረ ይመስለኛል። እሱ ከሆነ በመርፌ ልናድነው እንችላለን። ግን የዓይናቸው ውስጥ ፎቶ ተነስቶ ጥርት ብሎ ሳይታየኝ የቀረቻቸውን አንድ ዓይን አልወጋም" አለን።

ፎቶ የምታነሳው ልጅ አገጩን የማንሻው መሣሪያ መደገፊያ ላይ አስቀመጠችው።

"ጋሼ፣ አረንጓዴዋን ነጥብ ብቻ ይዩልኝ።"

"እያየኋት ነው።"

"ኧረ ዓይንዎ አልቆመልኝም!"

ብታነሳው ብታነሳው፣ ፎቶው ውሃ እንደነካው ቀለም የተዥጎረጎረ ሆነ። እኔ ፈርቶ መስሎኝ፣ "አንተ ሰው፣ እንደ ሕፃን ምን ያቁነጠንጥሃል?" ብዬ ተቆጣሁት። ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ዓይኑ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ላይ ቀና ይላል። ስፖኪዮ እያየ ነው! ለካ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊት ለፊቱ መብራት ሲያይ፣ ዓይኑ ብቻውን ይነዳል።

"ተው እንጂ፣ አውቶቡሱ እኮ ቆሟል" አልኩት።

"እትዬ፣ እኔማ ቆሜያለሁ፤ እሱን ማን ያቁመው?"

ልጅቷ ሳቀች። እኔ ግን ጨለማ ሊውጠው ነው ብዬ ሳቁ አልመጣልኝም።

ሐኪሙ፣ የዓይንን እንቅስቃሴ እየተከተለ ፎቶ የሚያነሳ መሣሪያ ወዳለበት ትልቅ ሆስፒታል ላከን። እዚያ ያለው ባለሙያ እንዳስረዳን፣ መሣሪያው ዓይን ውስጥ ያሉትን የደም ሥሮች እንደ ምልክት ይይዛል። ዓይን ሸሸት ሲል ይከተለዋል፤ ሲጨፈን ይጠብቃል፤ ሲገለጥ ካቆመበት ይቀጥላል።

"እንግዲህ ይከተለኛ፣ ርቀቱን ጠብቆ ነው ታዲያ" አለ ወንድሜ።

ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ። ውሃው ጫማ እንደመታው እግር እብጥ ብሎ ለእኔ ለመሃይሟ እንኳ ታየኝ። መርፌውን እየተመላለሰ ሲወጋ ጭሱ ቀስ በቀስ ሳሳለት። ፊቴንም አየ፤ "አርጅተሻል እኮ!" አለኝ፣ ባለጌ።

በአንድ ዓይን ግን ሰው መጫን ተከለከለ። ሲነግሩት፣ "ይሁን፣ ከአሁን በኋላ እኔም እንደ ተሳፋሪው በመስኮቱ ልይ" አለ።

ዝናቡ ሲያባራ ሴት ልጁ መጥታ ወሰደችው። አሁን እሷ ጋ ነው፤ ወንዝ ዳር ካለች አንዲት ከተማ፣ ከአንድ እንጨት መሰንጠቂያ ጀርባ፣ ምድር ቤት ተከራይተው ይኖራሉ።