አባቴ ቆመው የሰሙት ተረት

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ታጭቻለሁ። ፊደሉን የለቀምኩት ንፋስ መውጫ ከተማ የሚማረው ወንድሜ ሲያጠና ከጎኑ ተቀምጬ ነው።

አንድ ቀን የልጆች ልብ ወለድ ይዞ መጣ። ሁለት እኅትማማቾች አሉበት፤ ታላቂቱ በልጅነቷ ተድራ በወሊድ ትሞታለች፣ አባትየው ተጸጽቶ ታናሺቱን ተማሪ ቤት ያስገባታል። የእኔም ታላቅ እኅት በወሊድ ነው የሞተችው። እንግዲያ ታናሺቱ እኔ ነኛ! አባቴም እንደዚያ አባት ይሆኑልኛል ብዬ አነበብኩላቸው።

ድርሳን መስሏቸው ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ቆመው ሰሙኝ። ልጅቱ ስትሞት አለቀሱ።

«የየትኛዋ ቅድስት ገድል ነው፣ ልጄ?»

«ኧረ ገድል አይደለም አባዬ፣ ሰው ከልቡ የፈጠረው ነው» አለ ወንድሜ።

አባቴ እንባቸውን ጠርገው ተቀመጡ። «ውሸትም ይጻፍ ጀመር? እኔን ሽማግሌውን በተረት ታስለቅሱኝ?»

«የእኅቴስ ሞት ተረት ነው፣ አባዬ?» አልኩ።

ያጣፉትን ጋቢ ፈትተው ወጡ። ያችኛዋ ልጅ የሚጸጸት አባት ያገኘችው ደራሲ ስለሰጣት ነው፤ ለእኔ ማን ይጻፍልኝ?

በሳምንቱ የእጮኛዬ ሽማግሌዎች መጡ። አባቴም ጠላ አስቀድተው ሠርጌን ለጥር ቆረጡ።