ለማርያም የተሳለው ካዝሚር

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው።

ገርጂ፣ እትዬ ጸዳለ ግቢ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። በራፌ ላይ ሟች ባላቸው ዘሩን ከወንዶ ገነት አምጥተው የተከሉት የካዝሚር ዛፍ አለ። ካዝሚርን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ከላይ አረንጓዴ፣ ውስጡ እንደ ቅቤ ልስልስ ያለ ጣፋጭ ፍሬ ነው። ዛፉ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ ሆነባቸው። በመጨረሻ ተሳሉ፤ ልጃቸው ዮናስ መጠጡን ትቶ ቤቱ ከገባ፣ ዛፉም ካፈራ፣ የመጀመሪያው ፍሬ ለማርያም ነው። ዮናስ መጠጡን ትቶ ተመለሰ። ዛፉም በዚያው ዓመት ሦስት ፍሬ ሰጠ። ገና ጠንካራ ሳለ ቀጥፈው፣ ለማርያም ዕለት እንዲበስል ወጥ ቤት የጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀበሩት።

በላሁት። እኔ ነኝ የበላሁት። ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ ሽታው ክፍሌ ድረስ የሚከተለኝ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጠዋት እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ገብቼ ሦስቱንም እዚያው ቆሜ ጨረስኩ፤ ልጣጩንና ዘሩን ሽንት ቤት ጨመርኩት። አምሮኝ ነው ብላቸው ኖሮ ራሳቸው ልጠው ያጎርሱኝ ነበር። ነፍሰ ጡር ያማራትን የሚከለክል ማን አለ? ግን ባል አልነበረኝም፤ ማርገዜን ካወቁ ያስወጡኛል ብዬ ፈራሁ።

ዮናስን ጠረጠሩት። "ሸጠህ ጠጣህበት!" አሉት። በአባቱ አጥንት ማለ። "ከእመቤቴ የሚሰርቅ ልጅ አልወለድኩም፤ ውጣልኝ!" እኔ በራፌ ላይ ልብስ እያሰጣሁ እሰማለሁ። ሲወጣ በአጠገቤ አልፎ "ደህና ሁኚ" አለኝ። "እኔ ነኝ" ማለት ይህን ያህል ይከብዳል? ምላሴን ምን ያዘው? ልብሴን አስጥቼ ገባሁ።

ስወልድ ያረሱኝ እሳቸው ናቸው። የልጅሽ አባት ማነው ብለው እንኳ አልጠየቁኝም። በዓመቱ ዛፉ ሲያፈራ፣ ለማርያም አድርሰው የተረፈውን በሳህን ይዘውልኝ መጡ፤ "ብዪ ልጄ፣ ወተት ይሆንሻል" አሉኝ። አይ እኔ! ያንንም በላሁት።

ዮናስ ሳይመለስ ስንት ዓመት አለፈ፤ እሳቸውም ባለፈው ክረምት አረፉ። ከመሞታቸው በፊት እጄን ይዘው፣ "ዮናስን ካገኘሽው፣ እናትህ ይቅር ብላሃለች በይልኝ" አሉኝ። እዚያም ዝም አልኩ። ላለማስጨነቅ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ፤ ውሸቴን ነው፣ ለራሴ ፈርቼ ነው።

ዮናስ ለቀብር መጣ። ሸብቷል፤ አፉ አረቄ አረቄ ይሸታል። ድንኳኑ ውስጥ ከጎኑ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልነግረው ነበር አፌን የከፈትኩት፤ የወጣው ግን፣ "እናትህ ይቅር ብለውሃል" የሚል ነው።

"እኔ እኮ አልነካሁትም" አለኝ።

"አውቃለሁ" አልኩት።

አለቀሰ። "አንቺ ብቻ ነሽ ያመንሽኝ" ብሎ እጄን ሳመኝ።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅር ማለት የእሱ ነው፤ እሱ ደግሞ እስከ ዛሬ የሚያመሰግነው እኔን ነው።