ጨው የሌለው ድስት

አንደኛ ወጥቻለሁ! ሐሙስ ጠዋት መምህራችን ክፍል ገብተው ስሜን ሲጠሩ ምን አጥፍቼ ይሆን ብዬ ነበር የደነገጥኩት። «ድርሰትሽ ከሁሉም በልጧል» አሉኝ። «በግድግዳ ጋዜጣው ላይ ይለጠፋል። እሁድ ደግሞ በቀበሌው አዳራሽ ከስብሰባው በፊት ታነቢዋለሽ።» ክፍሉ አጨበጨበ። ከሜክሲኮ እስከ ልደታ በእግሬ አልሄድኩም፣ በረርኩ እንጂ። ዓምና አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሬ መጨረሻው ይጠፋኝ ነበር፤ አሁን ቃላቱ እንደ ለማዳ በግ ይከተሉኛል። ደስታዬ የእውነት ነው። የዋሸሁት ድርሰቱ ውስጥ ነው።

ስለ ጤና ጻፉ ነበር የተባልነው፤ ሰው በየቀኑ በሚመርጣት ትንሽ ነገር ጤናውን እንዴት እንደሚጠብቅ። እኔም ደም ብዛት ያለባትን እናቴን እንዴት እንደተንከባከብኳት ጻፍኩ። ለእሷ ጨው የሌለው፣ ለእኛ ጨው ያለው፣ ሁለት ድስት እጥድ ነበር ብዬ ጻፍኩ። አንድም ቀን አልሰለቸኝም ብዬ ጻፍኩ። ቀጥዬም እናቴን የጣላት የታላቅ እህቴ የሙሉ መኮብለል ነው ብዬ ጻፍኩ። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ሌላውን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እስከ ትናንት ድረስ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ያጨበጨባችሁልኝ ሁሉ፣ አሁን ደግሞ ይህን ስሙኝ፦ እናቴን የጣልኳት እኔ ነኝ።

ሐኪሙ ለእማዬ «ጨው ተይ፣ ጠዋት ጠዋት በእግርሽ ተንቀሳቀሺ፣ ንዴት አታብዢ» ብሏት ነበር። ያኔ ቤቱን የያዘችው ሙሉ ነበረች። የቤታችን በርበሬ እንደ ማንኛውም ቤት ከነጨው የሚፈጭ ስለሆነ፣ ሙሉ ለእማዬ ለብቻ ጨው የሌለው አስፈጭታ በዱቄት ወተት ጣሳ አስቀመጠችላት። ጎህ ሲቀድ ክንዷን ይዛ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ታደርሳትና ትመልሳታለች። እማዬ ሁሉን እሺ አለች። አንድ ነገር ብቻ ከበዳት፤ እኛ ትሪውን ከበን ስንበላ እሷ ለብቻዋ ከትንሽ ሰሐን መብላት። «በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ» ትላለች እየሳቀች። ሳቋ ግን እህል አያስውጥም ነበር።

ሙሉ ጌጃ ሰፈር አንድ አናጢ ወደደች። አባዬ አይሆንም አለ። አንድ ቅዳሜ ልብሷን ይዛ ሄደች። ድስቱ ለእኔ ቀረ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ላምባ በሰልፍ ነው፣ ምድጃችን አንዲት ናት፣ ጓደኞቼ ውጪ ገመድ ይዘላሉ። ሁለተኛውን ድስት እስክጥድ ጨዋታው ያልቃል።

አንድ ቀን የእማዬ በርበሬ አለቀ። ምን ነበር የሚጠበቅብኝ? «አባዬ፣ የእማዬ በርበሬ አልቋል» ማለት። አራት ቃል ናት። እኔ ግን ጣሳውን ከቤቱ በርበሬ ሞላሁት። ለዛሬ ብቻ ብዬ።

«ዛሬ እጅሽን ምን ነካው?» አለችኝ እማዬ ጣቷን እየላሰች። «ጨው አለው እንዴ?»

«የለውም እማዬ። ሽንኩርቱን አብዝቼ አቁላልቼው ነው።»

«ሙሉ እንኳን እንዲህ አጣፍጣልኝ አታውቅም! ባለሙያ ሆነሽልኛላ።»

ያቺ ምስጋና ምን እንዳደረገችኝ እንዴት ልንገራችሁ? ሙሉን በለጥኳት። በማግስቱም ከዚያው ጣሳ ቆነጠርኩ። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛውን ድስት ጭራሽ ተውኩት። ከአንዱ ድስት እጨልፍና ትሪው ላይ በእማዬ በኩል አውጥቼ «ይኼ ያንቺ ነው» እላታለሁ። እማዬ ወደ ትሪያችን ተመለሰች። አጎረሰችኝ። ፊቷ በራ፣ ወሬዋ ተመለሰ። ቤታችን ሞቀ፤ እኔም ያሞቅኩት እኔ ነኝ ብዬ ኮራሁ። ሰው እናቱን እያሳቀ ይጥላል? እኔ አድርጌዋለሁ።

ጠዋት «ተነሽ እስኪ፣ እንደ ሙሉ ትንሽ አራምጂኝ» ስትለኝ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ እስባለሁ። «ነገ እማዬ።» ብቻዋን መሄድ ታፍራለች፤ መንደሩ ስለ ሙሉ ይጠይቃታላ። ስለዚህ ቀረች።

«ማጅራቴን ይዞኛል» ማለት ጀመረች። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሐኪሙ ሲናገር አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ታዲያ ምን አልኳት? «ሐሳብ ነው እማዬ። የሙሉ ሐሳብ ነው።» እህቴን በመጀመሪያ የከሰሳት አባዬም ጎረቤቱም አይደለም። እኔ ነኝ።

እማዬ የግቢው ቧንቧ ሥር ባልዲዋን እንደያዘች ወደቀች። አፏ ጠመመ፣ ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አለ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ደረታቸውን እየመቱ «የልጅ እሳት ነው! ሙሉ ናት ያቃጠለቻት!» አሉ። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። አዎ ማለቴ ነበር።

ሙሉ ሰምታ ሆስፒታል በሩጫ መጣች። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ «ሥራሽን ልታዪ ነው የመጣሽው? ሂጂ። ልጅም የለኝ» አላት። አለቀሰች፣ አልተከራከረችም። እኔ ምሳ ዕቃ ይዤ ግድግዳውን ተደግፌያለሁ። ወደ እኔ ዞረችና ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ።

«በርበሬዋ አላለቀም?»

«አላለቀም» አልኳት።

ሙሉ አመነችኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የእናቷን ደጅ አልረገጠችም። እናቴን እኔ ጣልኳት፣ ሸክሙን እህቴ ተሸከመችው፣ እኔም እያየሁ ዝም አልኩ። ሦስት ዓመት።

አሁን በቤታችን አንድ ድስት ብቻ ይጣዳል፤ ጨው የለውም። አባዬ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ በኋላ ለመደው። ለካ ያኔም መላው ይኸው ነበር! እማዬን ወደ እኛ ጨው ከማምጣት ሁላችንም ወደ እሷ ድስት መሄድ። አንድ ትሪም ይኖረን ነበር፣ ጤናዋም። ይህች እንድትገባኝ የእናቴ ግማሽ ጎን መሞት ነበረበት?

ሐሙስ ማታ ድርሰቱን አነበብኩላቸው። እማዬ በዚያ በሚጎተት አንደበቷ «ጎረቤቱን... ጥሪ። እሁድ... ምሳ... እኔ ጋ» አለች፤ እንደዚያ ስትደሰት ካየኋት ቆይቷል። ስለ ሙሉ የጻፍኩት ጋ ስደርስ አባዬ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እማዬ ግን በደህናው እጇ ፊቷን ሸፈነች። ያን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። በዚያው እጄ ሽልማት ልቀበልበት ነበር።

ትናንት ምሳ ላይ ነገርኳቸው። ጣሳውን፣ ድስቱን፣ ሆስፒታሉን። አባዬ የቆረሰውን እንጀራ መልሶ አስቀምጦ ወጣ፤ እስካሁን አላናገረኝም። እማዬስ? አልሰደበችኝም፣ ይቅርም አላለችኝ። «ሙሉን... ጥሪያት» ብቻ።

ዛሬ ጠዋት ጌጃ ሰፈር ሄድኩ። ሙሉ፣ እማዬ አይታው የማታውቀውን ልጇን አዝላ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ሰማችኝ። ስጨርስ «ጠይቄሽ ነበር እኮ» አለች። «በርበሬዋን ጠይቄሽ ነበር።» ከዚያ በሩን ዘጋችው። መብቷ ነው።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ልጅ ብሆን ጣሳውን ስሞላ በሩን ዞር ብዬ ለምን አየሁ? መምህሬን ያኛውን ድርሰት አውርደው ይህን እንዲለጥፉ ለምኛቸዋለሁ። እሁድም የማነበው ይህንን ነው፤ አንደኛነቱ ይቅርብኝ።

የእማዬ ጥሪ ግን አልተሰረዘም፤ ዛሬም ጠይቄያት «ይምጡ» ብላለች። እሁድ ከስብሰባው በኋላ ሁላችሁም ኑ። ወጡ ጨው የለውም፤ ከቤታችሁ ቆንጥራችሁ እንዳትመጡ። የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። የፈለጋችሁበት ተቀመጡ፤ በእማዬ ቀኝ በኩል ብቻ አትቀመጡ። እሱ የሙሉ ነው፤ ብትመጣም ባትመጣም።