የጸሐይወርቅ ትንፋሽ

ጸሐይወርቅ አስም ነበረባት። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ የጠመኔው ብናኝ ለደረቷ ጠላት ነው። ክረምት ገብቶ ከሐይቁ ጭጋግ ሲነሣ ደረቷ ሲር ሲር ሲል ከግድግዳው ማዶ እሰማታለሁ። ጎረቤቷ ነኝ፤ ወርቅነሽ እባላለሁ።

ከግቢያችን ጀርባ የሚኖር ሚስተር ጆሺ የሚባል ሕንዳዊ የሒሳብ አስተማሪ ስትሰቃይ አይቶ ዮጋ አሳያት። እኔማ በሳቅ ልሞት! «ደግሞ መተንፈስ የሚያስተምር መጣልሽ?» አልኳት። እሷ ግን የምሯን ነበር። ነገሩ በሕንድ አገር ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የተጀመረ ነው፣ ዮጋ ማለት ሥጋን፣ ትንፋሽንና ሐሳብን እንደ በሬ በአንድ መጥመድ ነው፣ የመጀመሪያው ትምህርትም መተጣጠፍ ሳይሆን ፍጡርን አለመጉዳት ነው እያለች ታስረዳናለች። ስድስት ወር ሳይሞላ በሰላም ተኝታ ማደር ጀመረች። በዓይኔ ያየሁት ነው! እኔና ሌሎች ሁለት ሴቶችም ገባንበት። የኔ ወገብ ተፈታ፤ ንዴቴም ረገብ አለ፣ ትንሽ።

ስሕተታችን ምን መሰላችሁ? ሰው እንዳይስቅብን መጋረጃ ዘጋን። ጫማ አውልቀን ሰሌን ላይ ተቀመጥንና ዓይናችንን ጨፍነን እንደ ንብ «ምምምም» አልን፤ ትንፋሽ የሚያረዝም ልምምድ ነው። ጊዜው ደግሞ የጴንጤ ጸሎት ቤት ታሽጎ ሰው በየቤቱ ተደብቆ የሚጸልይበት ነበር። ከጭቃው ግድግዳ ውጭ የቆመው የአብዮት ጥበቃ «በልሳን ይጸልያሉ» ብሎ አመለከተ። እኛ ከተበተንን በኋላ መጥተው ጸሐይወርቅን ከቤቷ ወደ ቀበሌ እስር ቤት ወሰዷት።

«አብረውሽ እነማን ነበሩ?» ቢሏት አንድም ስም አልጠራችም። ሚስተር ጆሺ ሊያስረዳ ቢሄድ «የውጭ ዜጋ ነህ፣ አያገባህም» ብለው መለሱት። የቀበሌው ሊቀመንበር ከይርጋዓለም ለመጡት እናቷ፣ ለእማማ እታፈራሁ፣ አንድ ቀዳዳ ከፈተላቸው፤ አብሯት ከነበሩት አንዷ መጥታ ስፖርት ነው ብላ ትፈርም፣ ልጅዎ ትፈታለች። ምስኪን፣ እነማን እንደነበርን አያውቁም። በየደጁ እየዞሩ «በፈጠራችሁ! እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ታፍና ልትሞትብኝ ነው!» እያሉ ለመኑ። የኔንም በር አንኳኩ። «እስቲ እናጠያይቃለን፣ እማማ» አልኳቸው። አፈር ልብላ! ባሌ ግዛቸው ለፓርቲ አባልነት የታጨ ነበር፤ ሁለት ልጆችም አሉኝ፤ ፈራሁ።

በአራተኛው ቀን ግን ቆረጥኩ። የመጣው ይምጣ ብዬ አጥሚት በፔርሙስ ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። እፈርማለሁ፣ እፈርማለሁ እያልኩ ነው የገባሁት።

ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺም ነበርሽበት?»

ከበሩ ወዲያ ደረቷ ሲያፏጭ ይሰማኛል።

«እኔ? ኧረ በጭራሽ! ጎረቤት ነኝ፤ አጥሚት ላቀብላት ነው።»

ፉጨቱ ለአፍታ ቆመ። ሰማችኝ። ፔርሙሱን ለዘበኛው ሰጥቼ ወጣሁ።

በማግሥቱ ሬሳዋን ሰጡን።

ለቅሶው ላይ እማማ እታፈራሁ ከሰው መሐል ተነሥተው መጡና አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ። «ወርቅዬ፣ ሁሉም ሲሸሽ አንቺ ብቻ ደረስሽላት። ልጆችሽ ይባረኩልሽ» አሉኝ። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«እኔ ምን አደረግሁ፣ እማማ» አልኳቸው፤ ሰውም ትሕትና መሰለው።