እትዬን ዝም ያሰኘው ትምህርት

አለፈች። አዎ፣ አለፈች። ማን እንደሆነች ልነግራችሁ ነው፤ ግን መጀመሪያ ይቺን ቃል አንዴ ልድገማት፤ አለፈች።

ኮርሷን ያለፈችው ታላቅ እህቴ ናት። እኛ ቤት በስሟ የሚጠራት የለም፤ ለታናሹም ለታላቁም እትዬ ናት። ጠጉሯ እስኪሸብት አራተኛ ክፍል ስታስተምር ኖራ፣ ሰው ጡረታውን በሚያስብበት ዕድሜ ዩኒቨርሲቲ ገባች። የምታጠናው ኮግኒቲቭ ሳይኮሎጂ ነው፤ የሰው አእምሮ እንዴት እንደሚያይ፣ እንደሚያስታውስ፣ እንደሚያስብ የሚመረምር ትምህርት። የገባችውም አንድ ጥያቄ ሲያንገበግባት ኖሮ ነው። ሰኞ የማባዛት ሰንጠረዡን እንደ ውሃ የሚጠጣው ልጅ፣ ሐሙስ ላይ ሰባት ጊዜ ስምንት ሲሉት ለምን ጣሪያ ጣሪያ ያያል?

ትምህርት ቤቷ የአንድ ዓመት ፈቃድ ሰጣት። ይህን ኮርስ ካለፈች ፈቃዱ ይታደሳል። ከወደቀች ወደ አራተኛ ክፍል ትመለሳለች፤ ጥያቄዋም ከእሷ ጋር ጡረታ ይወጣል።

እኛ የጠበቅነው መምህሩ ሲናገር እሷ ስትጽፍ ነበር። የጠበቃት ግን አንድ ጠባብ ክፍል፣ አንድ ክብ ጠረጴዛ፣ ነጭ ሰሌዳ፣ ዙሪያውን ደግሞ ልጆቿ ሊሆኑ የሚችሉ ተማሪዎች ናቸው። መምህሩ አያስተምርም። አንድ ታሪክ የተጻፈበት ወረቀት ያድላል፤ ለምሳሌ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ቤቱን ሙሉ መነጽር ስለሚፈልግ ሰው። ተማሪዎቹ ስለ ነገሩ የሚያውቁትን ይነጋገራሉ፣ የማያውቁትን ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ፣ ቤታቸው ሄደው ያነባሉ፣ ተመልሰው እርስ በርስ ይተራረማሉ። በችግር ላይ የተመሠረተ የቡድን ትምህርት ይሉታል። መምህሩ ጥግ ይዞ ይቀመጥና፣ ምንም ብትጠይቁት፣ «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ይላል።

«እኛማ የምንለው ቢኖረን ምን ልናደርግ መጣን?» አለችኝ በመጀመሪያው ቀን፣ ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወርውራ። «ደሞዝ የሚበላው እሱ፣ የማስተምረው እኔ።»

እውነትም ታስተምር ነበር፤ ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። እትዬ ሳትዘጋጅ ክፍል ገብታ አታውቅም። የሚመጣውን ርዕስ ከመጽሐፉ ላይ አስቀድማ ትገምትና አንብባ ትጨርሰዋለች። ወረቀቱ እንደታደለ ማርከሩን አንስታ ከሀ እስከ ፐ ታስረዳለች። ልጆቹ ደስ ብሏቸው ይገለብጣሉ። ሰሌዳው ላይ «የማናውቀው» የተባለው ቦታ እንደነጣ ይቀራል። በሚቀጥለው ስብሰባ ታዲያ ማንም ምንም ሳያነብ ይመጣል። ምን ብሎ ያንብብ? ቲቸር ነግረውታል። ቲቸር የሚሏት ልጆቹ ናቸው።

በመንፈቁ መምህሩ ለብቻዋ ጠርቶ፣ የቡድን ሥራ ነጥቧ ከማለፊያው በታች እንደሆነ ነገራት።

«ጎደለ የሚሉት እውቀቴ ነው?» አለችው።

«የእርስዎ እውቀት አልጎደለም» አላት በትህትና። «ግን እርስዎ ሲናገሩ ችግሩ እዚያው ይሞታል። ሌሎቹ የሚያስቡት ነገር አይተርፋቸውም።»

ያን ቀን ምሳም እራትም አልቀመሰችም። «ዕድሜ ልኬን ልጆችን ዝም በሉ ስል ኖሬ፣ ዛሬ እኔን ዝም በይ ይሉኛል» እያለች ሳሎኑን ስትዞር አመሸች።

ዝም ለማለት ሞከረች። አይ መከራ። እጆቿን ጭኗ ሥር ቀብራ ትቀመጣለች። የጆሮ ማዳመጫውን ከአንገቱ የማያወርድ አንድ ልጅ አለ፤ ማዳመጫው ነው የምትለው። እሱ «ሰው የሚረሳው ጭንቅላቱ ስለሚሞላ ነው፤ ልክ እንደ ስልክ» ይላል። ስህተት ነው። ስህተት መሆኑን ታውቃለች፤ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለም ታውቃለች። ቀና ብላ መምህሩን ታያለች። እሱ ያቺኑ ጥያቄውን ይጠይቃል። ማንም አይተነፍስም። ከአጠገቧ የምትቀመጠው፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋ ያልተሰማ ልጅ፣ እስክሪብቶዋን ታሽከረክራለች። ዝምታው ይረዝማል፣ ይረዝማል። በመጨረሻ እትዬ ማርከሩን ታነሳለች።

«ዛሬስ?» እላታለሁ ስትመጣ።

«ተናገርኩ።»

«ብዙ?»

«ሰሌዳው ሞላ።»

«አፍሽን በፕላስተር ለምን አታሽጊውም?»

«በጽሑፍ እነግራቸዋለኋ» አለችኝ፤ ስትቀልድ አልነበረም።

ሌላ ዘዴ አመጣች። አልናገርም፣ እጠይቃለሁ አለች። ግን አጠያየቋ የአራተኛ ክፍል ነው፤ «ማን ይነግረኛል? እጅ አውጡ።» እነዚያ ጎረምሶች እጃቸውን አወጡ። ማዳመጫው ሲመልስ፣ «ጎበዝ፣ አጨብጭቡለት» ብላ አስጨበጨበችለት። መምህሩ ፊቱን በወረቀቱ ሸፈነ። ቤት መጥታ ይህን ስትነግረኝ ሳቄ አመለጠኝ፤ ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

የመጨረሻው ችግር ሲመጣ ሰብሳቢ የመሆን ተራው የእሷ ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው ሰው ዘመኑን ሁሉ አውቶቡስ የነዳ ሹፌር ነው። ሠልጣኝ ይሰጡትና ቢያስረዳው፣ ቢያስረዳው አልገባው ይላል። ሹፌሩ በበኩሉ «ደደብ ነው» ብሎ ይከሰዋል። ለምን? ክፍሉ ውስጥ እትዬ ጥርሷን ነክሳ ዝም አለች፤ ሌላውም ዝም አለ። ሰሌዳው ባዶ። መምህሩ ሰዓቱን አይቶ፣ «እስከ ሰኞ ራሳችሁ ተገናኙ። ማወቅ የምትፈልጉትን ጥያቄ ይዛችሁ ካልመጣችሁ የዚህ ችግር ነጥብ ለማንም አይሰጥም» አለ። ያለዚያ ነጥብ እትዬ መውደቋ ነው።

ቅዳሜ ቤቷ ጠራቻቸው። ቤታችን አንድ ግቢ ስለሆነ አቅጣጫውን በስልክ ስትነግራቸው ሰምቻለሁ። «ከአውቶቡስ ትወርዱና ዳቦ ቤቱ ጋ ወደ ግራ፣ ትልቁ ዛፍ ጋ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ቢጫው በር። ሕፃን አይስተውም።»

ቅዳሜ ከሰዓት ጠበቀች፣ ጠበቀች። ትዕግሥቷ ሊበጠስ ሲደርስ ማዳመጫው ደወለ።

«ቲቸር፣ እዚህ ዳቦ ቤት የሚባል ነገር የለም።»

«ፊት ለፊትህ ምን አለ?»

«ስልክ ጥገና።»

«እሱ ነዋ። ድሮ ዳቦ ቤት ነበር።»

«እሺ፣ ዛፉስ?»

«መንገዱ ሲሰፋ ተቆርጧል።»

«የሌለ ዛፍ ጋ ነው የምንታጠፈው?»

«የነበረበት ቦታ አይታይህም እንዴ?»

በሩን አረንጓዴ የቀባሁት ደግሞ እኔው ነኝ። እትዬ ግን አሁንም ቢጫው ነው የምትለው።

ጫማቸው አቧራ ጠጥቶ፣ ግንባራቸውን ቋጥረው ደረሱ። የእትዬም ደም ፈልቷል። «እንዲህ ቁልጭ አድርጌ ነግሬያችሁ፣ ምን ሆናችሁ ነው የምትጠፉት?»

ያቺ ዝምተኛ ልጅ ወንበር እንኳ ሳትይዝ ተናገረች። «ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የነገሩት ለእኛ አይደለም። ቤቱን ለሚያውቅ ሰው ነው።»

«ቤቱን የሚያውቅ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?» ብሎ ማዳመጫው ሳቀ። ሳቁ ግን መሀል ላይ ቆመ። «ቆይ ቆይ። ሹፌሩስ?»

ከዚያ በኋላ አንዱ የአንዱን ቃል እየነጠቀ ይናገር ጀመር። እትዬ ውሃ ላምጣ ብላ ወጣች። ኩሽና ስገባ መዳፏን አፏ ላይ ጭና ቆማለች።

«ምን ሆንሽ?»

«መልሱን አውቀዋለሁ» አለች በሹክሹክታ። «ስም አለው። አንብቤዋለሁ። ምላሴ ላይ ነው።»

«ታዲያ ንገሪያቸዋ።»

«ዞር በል ከፊቴ።»

ብርጭቆዎቹን ሞልታ ገባች። እኔም ሥራ ፈት፣ በሩ አጠገብ ቆሜ ጆሮዬን ሰጠሁ። ዝምተኛዋ፣ «ሰው አንድ ነገር ካወቀ በኋላ፣ ያላወቀ ሰው ምን እንደሚያይ መገመት ያቅተዋል ማለት ነው?» ስትል ሰማሁ። እትዬ ጉሮሮዋን ጠረገች። በቃ፣ ከሀ እስከ ፐ ሊመጣ ነው አልኩ።

«እኔ እንጃ» አለች። «ማን ያነብልናል?»

እትዬ «እኔ እንጃ» ስትል ተወልጄ ሰምቼ አላውቅም። ያረጀ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ገልብጠው የማያውቁትን መጻፍ ጀመሩ፤ ቦታ እስኪጠፋ ጻፉ። ማዳመጫው ሁለት ሦስት ጊዜ ሲሳሳት አላረመችውም፤ ጥፍሯን ግን በላችው። ሰኞ ጥያቄዎቹን አስረከቡ። ሳምንቱን አነበቡና ሲመለሱ ማዳመጫው ራሱን በራሱ አረመ፤ ዝምተኛዋም ያንን ስም ለሁሉም አስረዳች። ለእትዬም ጭምር።

«እኔ ብነግራቸው እኮ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር» አለችኝ ማታ፣ አሁንም እርር እያለች።

ዛሬ ውጤቱ በስልኳ መጣ። ማለፊያው ጫፍ ላይ፣ ለጥቂት፣ ግን አለፈች፤ ፈቃዷም ይታደሳል። ደስ ያላት መሰላችሁ? «መምህሩ የቀነሰብኝን ነጥብ ቁጭ ብሎ ያስረዳኛል» ብላ ጃንጥላዋን ይዛ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄዳለች። ደስታውን ጠቅልላ ለእኔ ጥላልኝ ነው የሄደችው፤ እኔ ደግሞ ብቻዬን አልችለውም። ባለቤቴ ከሥራ ልትወጣ ነው፤ ባልደረቦቿ ሳይበተኑ ደርሼ ለሁሉም ልንገራቸው። የቀረውን በቃል እነግራችኋለሁ፤ አንዱ ጫማዬ የት ገባ?